ተራው የግራ ጎን ነው

ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንደገና ይጮኻል። እጄን ሰድጄ አፍነዋለሁ፤ እንግዶቹ ግን ሰምተዋል።

«ኣታ ኤርሚያስ፣ ይቺን ልጅ ምን እንዲህ አስቸኮላት?» ይላሉ አቶ ጎደፋ፣ ከአባዬ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩት። «አንሳላት እንጂ። በሰንበት ሰው አይጨነቅም።»

ሁሉም ይስቃል። አባዬም አልጋው ላይ ሆኖ በሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ ይስቃል። በሩ ሥር ዱካ ላይ የተቀመጠችው ወይኒ ብቻ አትስቅም። የምትደውል ልጅ የለችም። የሚጮኸው ወይኒ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ አፕ ነው፤ ሰዓቱ ደርሷል፣ በሽተኛውን ወደ ሌላው ጎን አዙር ይላል።

ወይኒ የግቢያችንን የኋላ ክፍል ተከራይታ ነርሲንግ ትማራለች። ብዙ ከመተኛት ስለሚመጣው የአልጋ ቁስል የሚያጠኑት በዚሁ አፕ ነው፤ ፎቶ ያሳያል፣ ይጠይቃል፣ ነጥብ ይሰጣል። እሷ ተሳስታ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን የአባዬን ወገብ ታች ስታይ ስልኩን ደጋግማ ተመለከተች። ስልኩ ላይ ያለው ገላ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ሲጎዳ ይቀላል። የአባዬ አይቀላም። የእጄን ጀርባ ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችው። ይፋጃል። ከዙሪያውም ጠጠር ብሏል።

«ገና አልተከፈተም» አለችኝ። «ዛሬ በጀርባው ካልተኛ ሊመለስ ይችላል። ከተኛበት ይከፈታል። ከተከፈተ ደግሞ፣ ኤርሚ፣ እንዲህ በዋዛ አይዘጋም።» እማዬ ቫዝሊን ይዛ ልታሽለት ስትቀርብ እጇን ያዘቻት፤ ማሸቱም ይጎዳዋል አለች።

በዚህ ሁላችንም ተስማምተን ነበር። ከዚያ ቅዳሴ አለቀና ጠያቂ መጣ።

የግቢው በር ሲንኳኳ አባዬ «በጀርባዬ አድርጉኝ» አለ። አደረግነው። ጠዋቱን የተኛው በቀኙ፣ በሽታው በወሰደው ጎኑ ነው፤ አሁን ተራው የግራ ነው። ግራው ደግሞ ግድግዳ ነው። ሊጠይቀው ለመጣ ሰው ጀርባውን የሚሰጥ ሰው በዚህ ቤት አልተወለደም።

ተነስቼ ውሃ አመጣለሁ፤ ውሃ የጠየቀ የለም። እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ወደ ቁሓ ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን ቤቱን አንቀጥቅጦ ያልፋል። ምናለ ያ ግድግዳ መስኮት ቢሆን እላለሁ በሆዴ፤ አባዬ በግራው ተኝቶ አውሮፕላኑን ቢያይ፣ እንግዶቹም ተነስተው ከጎኑ ቆመው ቢያዩ። ሐሳቤ ሳያልቅ ድምፁ ይጠፋል። አቶ ጎደፋ ስለ አንድ የድሮ ዳይሬክተር ጀምረዋል፤ የሳቸው ወሬ ማለቂያ የለውም።

ወይኒ አጠገብ ጎንበስ እላለሁ። «አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ? በነሱ ፊት?»

«አፑ ታዲያ ምን አድርጉ ይላል?»

«አፑ ላይ ጠያቂ የለም» ትላለች።

አባዬን አየዋለሁ። ለዳይሬክተሩ ወሬ ይስቃል። በግራ እጁ ግን አንሶላውን ጨብጧል።

አልጋው ሥር እንበረከካለሁ። «አባዬ፣ ላዙርህ።»

«እንግዳ አለ» ይላል፣ ቃሉ እየተጎተተ።

«ይከፈታል እኮ።»

«ይከፈት።»

እማዬ ሸሚዜን ከኋላ ትጎትታለች። «ልጄ፣ ሲሄዱ። አታሳፍረን።»

አቶ ጎደፋ ወሬያቸውን ያቆማሉ። «ምንድን ነው?»

ቀስ ብዬ ላስረዳ ነበር ሐሳቤ። «ቁስል ሊወጣበት ነው» እላለሁ፣ ድምፄ ከሚገባው በላይ ይወጣል። «መዞር አለበት። ወደዚያ።» እጄ ግድግዳውን ያሳያል።

አቶ ጎደፋ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። «እንግዲያ እኛ እንሂድላችሁ። እሱ ይረፍ።» ሌሎቹም መነሳት ይጀምራሉ። አባዬ አንሶላውን ለቆ ግራ እጁን ወደ እነሱ ይዘረጋል። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቃት ይቺን ሰዓት ነው። ሰው በሞላበት ቤት እንዲህ ብቻውን ሆኖ አይቼው አላውቅም።

የግንባታ ዕቃ የሚሸጠው ኣስፋሃ አልተነሳም። ከመጣ ጀምሮ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው፤ የአባዬ ተማሪ ነበር።

«የት ነው የምንሄደው?» ይላል። «መምህር፣ እኛ እኮ የእርስዎን ጀርባ እያየን ነው የተማርነው።»

አቶ ጎደፋ ቆመው ያስባሉ። «እሱስ እውነት ነው» ይላሉና ተመልሰው ይቀመጣሉ። «ወደ ሰሌዳው ከዞረ ደወልም አይሰማ።»

አባዬ ዓይኑን ይጨፍናል። ሲገልጠው ወደ እኔ ነው።

«አዙሩኝ።»

ወይኒ ከዱካዋ ትነሳለች። እሷ በትከሻው፣ እኔ በዳሌው። «አትጎትት፣ ኣታ፣ አንሳው» ትላለች፣ አሁን ማንንም ሳትፈራ። ቀስ ብለን ወደ ግድግዳው እናዞረዋለን። በጉልበቶቹ መሐል ትራስ ታስገባለች። ከዚያ እጇን ከአንሶላው ሥር ሰድዳ ቦታውን በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች። ትቆያለች። እኔ ፊቷን ብቻ ነው የማየው።

«አልተከፈተም» ትላለች፣ ድምፅ በሌለው አፍ።

«ተጫወቱ እንጂ» ይላል አባዬ፣ ለግድግዳው።

አባዬ ጽፎበት የማያውቀውን ግራ እጁን ወደፊት ዘርግቷል። ጣቱ እንደ ጠመኔ ግድግዳውን ትነካለች፣ ትንሽ ታርፋለች፣ ከዚያ በቀለሙ ላይ ቀስ እያለች ወደ ታች ትሄዳለች። ከኋላው የተቀመጡት፣ አቶ ጎደፋ ሳይቀሩ፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ይከተሏታል።