ሰባተኛዋ ጣሳ

ፈይዛ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ኩዌት ላለችው እህቷም፣ በኋላ ላገባችው ባሏም።

ነገሩ የጀመረው በ2004 ዓ.ም.፣ ሃሩን ከሳዑዲ በተመለሰ ሰሞን ነው። ሃሩን እዚያ የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሾፌር ነበር። መሐንዲሱ በዕረፍት ቀኑ በረሃ ወጥቶ፣ የማያውቀው ሰው የደበቀውን ዕቃ በስልኩ እየተመራ ሲፈልግ ይውላል። ሃሩን መጀመሪያ ሰውየውን ያመመው መስሎት ነበር። እያደር ግን ራሱም ለመደበት፤ መካነ ሰላም ሲገባ ከሻንጣው ጋር ጨዋታውንም ይዞ ገባ።

ሕጉ ቀላል ነው። ሃሩን ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ቴምር ሞልቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ይደብቃል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስልክ ላይ ሲጻፍ ቦታውን የሚያሳየውን ቁጥር ለሁሉም በመልእክት ይልካል። ቀድሞ የደረሰ ጣሳውን ከነቴምሩ ይወስዳል። ጣሳ እንደሆነ አይቸግርም፤ ዐረብ አገር ሰው ያለው ቤት ሁሉ ያው አንድ ዓይነት ጣሳ ሞልቶታል። ወተቱ ሲያልቅ በርበሬ ይያዝበታል።

ከሚሮጡት መሃል ግንባር ቀደሞቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ የግብርና ባለሙያው አራጌ ነው። ሌላዋ ፈይዛ ናት፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ከፊተኛው ወንበር የማያልፍ የጂኦግራፊ መምህርት። ቅዳሜ ሲሆን ግን ቀሚሷን ሰብስባ ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለች።

«አቦ ቀስ በይ!» ይላል አራጌ ከኋላዋ እያለከለከ። «ወድቀሽ ብትሰበሪ ሰኞ ማን ሊያስተምርልሽ ነው?»

አንድ ቅዳሜ ሃሩን አንዲት ቁጥር ተሳስቶ ሁሉንም የሰው ባቄላ ማሳ ውስጥ ከተታቸው። ገበሬው መሬቱን ሊለኩበት የመጡ መሰለው። ከሁሉም መርጦ አራጌን በዱላ አባረረው፤ አራጌም ሲሸሽ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ሃሩን ዓርብ ዓርብ ሻይ ቤት ተቀምጦ ቁጥሩን ድምፁን እያሰማ ያመሳክራል።

«መምህርት፣ ጆሮሽን ያዢ!» ይላታል፣ አጠገቡ ፈተና የምታርመውን ፈይዛን።

ፈይዛም አፍራ በሁለት እጇ ጆሮዋን ትይዛለች። ሻይ ቤቱ በሳቅ ያልቃል።

ስድስት ጣሳ ተገኘ። ሦስቱን አራጌ ወሰደ፣ ሦስቱን ፈይዛ። ያኔ ሃሩን ሁሉንም ሰበሰበ።

«ሰባተኛዋ የመጨረሻ ናት። ቪዛዬ መጥቷል። የጀመርኩትን መጨረስ ስላለብኝ ነው እንጂ እስካሁንም አልቆይም ነበር፤ ጣሳዋ በተገኘች ማግስት እሄዳለሁ።»

እናቱ እቴቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ምነው ያቺን ጣሳ ጅብ በበላት!» አሉ። ፈይዛን መንገድ ላይ አግኝተው እጇን ያዙ። «የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ እንዲያው ትንሽ ብታነክሺስ? አራጌ እንደሆነ እግሩ አብጧል። ማንም ካላገኛት ልጄ ይቀርልኝ ይሆናል።»

«እቴቴ፣ ውድድር እኮ ነው። ነውር ነው» አለቻቸው፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ቅዳሜ ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስለወጣ፣ መልእክቱ ሲላክ መንገዱ ደርቆ አቧራ መሆን ጀምሮ ነበር። ጣሳዋ ያለችው ከከተማው በላይ ባለው ሸንተረር፣ አንዲት ያረጀች ወይራ ሥር ነው። ቀድሞ የደረሰው አራጌ ሆነ፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ።

«በቅሎ አይቻልም የሚል ሕግ አለ?» አለ የተከተሉትን ቁልቁል እያየ። ከዚያ ወርዶ ከወይራዋ ሥር ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። «የለችም!»

እውነትም ጉድጓዱ ባዶ ነበር።

«ትናንት በገዛ እጄ ነው የቀበርኳት» አለ ሃሩን። ዓይን ሁሉ አራጌ ላይ አረፈ። ፈይዛ እንደምትቀድመው ያላወቀ ሰው አልነበረም። ኪሱን ሲፈትሹት የተመጠጠ የቴምር ፍሬ ወጣ።

«ይቺማ የባለፈው ናት!»

«የበላኸውን ፍሬ በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ?»

«ግብርና ባለሙያ አይደለሁ እንዴ? ልተክላት ነዋ!»

ማንም አላመነውም። አራጌም ሰዉ የሁለቱም ሃይማኖት መሆኑን አይቶ፣ «ማርያምን! ወላሂ!» ብሎ በሁለቱም ማለ። በቅሎዋ ብቻ አዘነችለት።

ፈይዛ ያን ቀን የደረሰችው ከሁሉም ኋላ ነው። ጫማዋ ላይ ጭቃ ደርቆበታል። አንገቷን ደፍታ ቆመች። ይቺ ዓይነ አፋር ልጅ፣ ድሏን ተቀምታ እንኳ ጠላቷን ቀና ብላ ማየት እንዳቃታት ሁሉም ተረዳላት።

ሃሩን አጠገቧ መጣ። «አብሽሪ መምህርት። የአንቺን ጣሳ የበላው ሰው ሳይታወቅ ከዚህ አገር እግሬን አላነሳም። ነገ ጠዋት እኔና አንቺ ሸንተረሩን ድንጋይ በድንጋይ እናየዋለን።»

«ቪዛህስ?» አለች ፈይዛ። ድምፅዋ ለእሱም በጭንቅ ነው የተሰማው።

«ቪዛው ጊዜው ያልፍበት እንደሆን ይለፍበት።»

በማግስቱ ፈይዛ ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ሰባተኛዋን ጣሳ አጥባ፣ በርበሬ ሞልታ፣ መደርደሪያው ላይ ከሦስቱ ጎን አሰለፈቻት፤ ቴምሩን ለስንቅ በመሐረብ ቋጠረችና ደጅ የሚጠብቃትን ሃሩንን ተከትላ ጣሳ ፍለጋ ወጣች።