ከቆጠራው የጎደለው ሣጥን

ሁለት ወንድማማቾች የሬሳ ሣጥን ይሠራሉ። ቤቱ ፊት ለፊቱ መሸጫ፣ መሀሉ መሥሪያ፣ በጓሮ በኩል ደግሞ ታላቅየው ከሚስቱ ጋር የሚኖርባቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። ታላቅየው ይለካል፣ ይቆርጣል። ወገቡ እምቢ ካለው ወዲህ መሸከሙ የታናሽየው ሆኗል።

ፊደል ሁለቱም አልቆጠሩም። የሠሩትንና የሸጡትን ለባለሂሳቡ እየነገሩ ያስጽፉታል። ዓመቱ ሲያልቅ እሱ መጥቶ ዕቃውን ይቆጥራል፣ ትርፍና ኪሳራውን ያወጣል፣ የደረሳቸውን ለሁለት ያካፍላቸዋል። እስከ ዛሬ ተጣልተው አያውቁም።

በቆጠራው ጠዋት ታላቅየው ለሚስቱ ውሃ አስገባላት። ጉንፋኑ አልለቅ ብሏታል። የኔ ሳል እንቅልፍ ይነሳሃል ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ከዞረች ሰንብታለች። ወለሉ በረዶ ነው ስትል ታናሽየው የአልጋውን እግሮች ብሎኬት ላይ አቆመላት። አንሶላውንም ነፋስ እንዳይገባ እስከ መሬት ለቀቀችው።

"ለመሆኑ ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"ዕድሜ ነው አለኝ። ሂድ፣ ሰው አታስጠብቅ።"

ሐኪም ቤት የወሰዳት ታናሽየው ነበር። እሱም ሲጠየቅ ይህንኑ ነው ያለው። አባታቸው ሲሞት ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ ያሳደገችው እሷ ናት።

ባለሂሳቡ መነጽሩን ጠርጎ ጀመረ።

"ካምና የተረፈውና ዘንድሮ የተሠራው ይደመራል፤ የተሸጠው ይቀነሳል። የቀረው እዚህ ቆሞ ማየት አለብኝ።"

ዞረ። ቆጠረ። ተመልሶ ቆጠረ።

"አንድ ጎድሏል።"

"ደግመህ ቁጠር።"

"ጋሼ፣ ዶሮ አይደለም፣ ተንቀሳቀሰብኝ አልል። መካከለኛው፣ ነጩ፣ የለም።"

ታላቅየው ራሱ በእጁ እየነካ ሄደ። የለም።

"በዱቤ የሄደ አለ?"

"እኛ ዘንድ ዱቤ የለም። ተበዳሪውን ከየት ታመጣዋለህ?"

"የተሰበረ? በነጻ የተሰጠ?"

"የለም አልኩህ።"

"ለራሳችሁ የወሰዳችሁትስ? ዳቦ ሻጭ ዳቦ ይበላል፣ ጫማ ሻጭ ጫማ ይጫማል። እሱም ይጻፋል።"

"አንተ ሰው፣ ክፉ አትናገርብን!" ታላቅየው ሳቀ። ታናሽየው አልሳቀም። የጸዳውን መላጊያ ደግሞ ይጠርጋል።

ጣውላ ያመጣው ጋሪ ነጂ በሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ዕቃ እንጂ ነገር አላመላልስም። ግን ጋሼ፣ እንጨት ሊገዙ ወጥተው ያደሩ ቀን፣ ይሄ ወንድምዎ ሣጥን ተሸክሞ በጓሮ ሲዞር አይቼዋለሁ። ሲያየኝ ክው አለ።"

ታናሽየው ቁማር ትቻለሁ ብሎ ከማለ ቆይቷል። ታላቅየው ያንን መሐላ አሁን አስታወሰ።

"እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው ጋሼ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።"

"ለማን ሸጥከው?"

"አልሸጥኩትም።"

"በቁማር አስያዝከው?"

"አላስያዝኩትም።"

"ታዲያ ውሃ በላው? ተናገር እንጂ! አፍህን ምን ለጎመው?"

ታናሽየው ወደ ጓሮው በር አየና አንገቱን ደፋ።

"ከኔ ድርሻ ይቀነስ። ሌላ አትጠይቀኝ።"

"የሚገርመኝ" አለ ባለሂሳቡ፣ "ጥቁሩን፣ ባለ ናሱን ትቶ ርካሹን ማንሳቱ ነው።"

"ፈሪ ሌባ ነዋ። ትልቁን መች ደፈረው!"

ከውስጥ የሚስቲቱ ድምፅ መጣ። "ተወው አንተ! ለጣውላ ብለህ የእናትህን ልጅ..." ሳሉ አቋረጣት።

"አንቺ አርፈሽ ተኚ! አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው።"

ታላቅየው ደሙ ፈልቷል። ጎረቤት በሩ ላይ ተሰብስቧል፤ መመለሻ የለውም። ሽርክናው ይፍረስ አለ። ድርሻውን ወስዶ ይውጣ፣ ብሞት እንኳ ሣጥኔን እንዳይሸከም አለ። ያን ጊዜ ታናሽየው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"ዛሬ አታስወጣኝ ጋሼ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ታገሰኝ። ከዚያ ራሴ እሄዳለሁ።"

"ሌላም ልትሰርቀኝ?"

ታናሽየው መጋዙንም ኮቱንም አላነሳም። በጓሮ ዞሮ ከውስጠኛው ክፍል ደጃፍ ቆመ። "እትዬ፣ ሄድኩ" ሲል ብቻ ተሰማ። ከዚያ በሕዝቡ መሀል አቀርቅሮ ወጣ።

ባለሂሳቡ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

"የጎደለውን በወጣበት ዋጋ ልጻፈው?"

"በሽያጭ ዋጋ። ለሌባ ቅናሽ የለም።"

ተጻፈ። ተቀነሰ። ታላቅየው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ።

"በቃ፣ ሂሳቡ ገጥሟል" አለ ባለሂሳቡ። ዘንድሮ ግን እንኳን ደስ ያላችሁ አላለም።

ታላቅየው ጣቱን በሱሪው እየጠረገ ወደ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አንገቷ የሕፃን አንገት አክሏል። እስከዛሬ እንዴት እንዳላየው ገረመው።

"ሄደ?" አለች።

"ሄደ። ተገላገልነው።"

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ብዙ ቆየች።

"ሩጥና መልሰው፤ ከአልጋዬ ሥር ብቻህን ጎትተህ አታወጣውም።"