የተሳቢው ምላስ

ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ሦስት ጊዜ ካልተጋበዘ እንደተጋበዘ አይቆጠርም። ሁለት ጊዜ እንቢ ይላል፣ በሦስተኛው እሺ። ሁለቴ ጋብዞ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ሦስተኛውን እንቢ ማለትም ያው ነውር ነው። ቨርሊንና ሚስቱ አርሊስ ጉድ የሆኑት በዚሁ ሕግ ነው።

ባልና ሚስቱ ለአርባኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸው አንዲት ሚጢጢ ተሳቢ ቤት ገዙ። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ጉልበት ለጉልበት የምታጋጭ ጠረጴዛ አላት። ከትንሿ መኪናቸው ኋላ ቀጥለዋት ሄደው፣ የተጋቡበት ሐይቅ ዳር ዐሥር ቀን ሊቀመጡ ነው። የቨርሊን ታላቅ ወንድም ዴልማር እርሻውን ሸጦ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ምድር ቤታቸው ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። አርሊስ እነዚያን ዐሥር ቀናት ከባሏ ጋር ብቻዋን መሆን በጣም ትፈልጋለች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ይሉኝታ ይዟታል።

«አንተም ና እንጂ» አለው ቨርሊን እራት ላይ፣ ለወጉ ያህል።

«ኧረ ተወኝ። የሐይቁ ትንኝ እኔን ሲያይ ዘመድ የመጣለት ነው የሚመስለው።»

«ትንኝ ምን ያደርግሃል? ና!»

«አይ፣ እናንተ በሰላም ሂዱ።»

ቨርሊን ሚስቱን አያት። አርሊስ ሳህኗን አየች። ሁለት ላይ ማቆም ደግሞ አይቻልም።

«ና ስልህ!»

ዴልማር ሹካውን አስቀመጠና ለጥቂት ጊዜ ድንቹን ተመለከተ። «እሺ» አለ።

ቨርሊን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ነው። የመኪናዋ መጽሐፍ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ይናገራል፦ ከኋላ ወንበር ሰው ካለ የተሳቢው ምላስ፣ ማለትም መኪናዋ ላይ የሚያርፈው የፊት ብረት፣ ከመቶ ሃምሳ ፓውንድ በላይ መጫን የለበትም። ከኋላ ሰው ከሌለ እስከ ሁለት መቶ ትችላለች።

የሚመዝኑት በገላ መታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ነው። ዴልማር ከምድር ቤት ይዞት ይወጣና ከምላሱ ሥር ይደቅነዋል። ቨርሊን ክሪኩን እያዞረ ምላሱን ያሳርፋል። አርሊስ መነጽሯን አድርጋ ታነባለች።

«መቶ ሃምሳ ስምንት» አለች ሰኞ ዕለት።

ቨርሊን የመፍቻ ሳጥኑን ከተሳቢዋ አወጣ። መቶ አርባ ዘጠኝ ሆነ። ተጨባበጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ለማረጋገጥ ደገሙት። መቶ ሃምሳ ስድስት።

«ይህቺ ተሳቢ አዳሯን አረገዘች እንዴ?» አለ ቨርሊን።

የአርሊስ የብረት መጥበሻ ወጣ። ለእናቷ እናት የነበረ መጥበሻ ነው። መቶ አርባ ስምንት። ረቡዕ ጠዋት መቶ ሃምሳ አምስት።

ቨርሊን የዓሣ ማጥመጃ ሳጥኑን አቅፎ፣ ሬሳ እንደያዘ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ጋራዥ ወሰደው። ሲመለስ በንዴት ራሱ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሐኪም ቤት ከተመዘነ ዐሥር ቀን እንኳን አልሞላውም፤ ዐሥራ አራት ፓውንድ ጨምሯል።

«የሩባርብ ኬክሽ ነው የገደለኝ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬክ ላለመቅመስ ማለ። ድርሻውን ዴልማር በላለት።

ከምሳ በኋላ ሚስቱን ለብቻዋ ጠራት። «አርሊስ፣ እየደበቅሽ የምትጭኚው ነገር አለ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» ፊቷ ግን ቲማቲም መሰለ።

«ዴልማር ከእኛ ጋር መሄዱን ጠልተሽዋል?»

«ኧረ ምን ማለትህ ነው! ምስኪን፣ ብቻውን እዚህ ምን ይሠራል?» ይህን ስትል ድምጿ ቀጠነ። አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ያን ቅጥነት ያውቀዋል።

ማታ ቨርሊን የተሳቢዋን በር በቀጭን ክር አሰረ። ሐሙስ ጠዋት ክሩ እንደታሰረ ነበር። ሚዛኑ ግን መቶ ሃምሳ ሰባት አለ። ቨርሊን ክሩን በጣቱ እያሻሸ ብዙ አሰበ። ክሩን የወሰደው ከአርሊስ የስፌት ሳጥን ነው፤ እሷ ደግሞ ቋጠሮ ፈትቶ መልሶ በመቋጠር የሚስተካከላት የለም። ለአንዲት መጥበሻ ብላ ነው ወይስ ዴልማር እንዲቀር? አልጠየቃትም። እውነቱን ለመናገር፣ መልሱን ሲጠረጥር ደስ ብሎት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ የመጽሐፉን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ። እንደገና አነበበው።

«እኔ እንግዲህ ልቅር» አለ ዴልማር።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች አርሊስ።

«የለም፣ ልቅር።»

«ኧረ እንዲያማ አይሆንም!» አለ ቨርሊን።

«ግድ የለም፣ ልቅር።»

አርሊስ ለሦስተኛው አፏን ከፈተች። አፏን መልሳ ዘጋች።

በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። ኅሊናዋ ቢወቅሳት የሦስት ቀን ድንች በሥጋ ጋገረችለት፤ ሙሉ ኬክም ጨመረችለት። መጥበሻው፣ መፍቻውና የዓሣው ሳጥን ተመልሰው ገቡ። በር ላይ ተሰነባበቱ፣ መኪናዋ ጋ ተሰነባበቱ፣ በመስኮት ደግሞ ተሰነባበቱ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ነኝ» አለች አርሊስ መንገዱ ላይ እንደወጡ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ቨርሊን እጇን ያዘ። «አውቄያለሁ፤ እንዴት እንዳደረግሽው ግን አልጠይቅሽም» አላት።

«ምኑን?» አለች አርሊስ።

ዴልማር መኪናዋ እስክትታጠፍ እጁን አውለበለበና ሚዛኑን ይዞ ምድር ቤት ወረደ፤ ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የመርፌ ማስተካከያ እስከ ዜሮ መለሳትና፣ ወደ ሳሎን ወጥቶ የቨርሊን ወንበር ላይ እግሩን ሰቅሎ ኬኩን ቆረሰ።