ስልኩን የምታነሳው እናት

“እማዬ... ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ!”

የእናቱን በር ደጋግሞ አንኳኳ...

ገና ከአውቶቡስ እንደወረደ ደውሎላት “ደህና ነኝ የኔ ጌታ” ብላው ነበር። መምጣቱን አልነገራትም... ድንገት ከተፍ ብሎ ሊያስደስታት ነው።

ልጁ ትልቁ ከተማ ውስጥ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። እዚያ መንገዱ ሁሉ ወጣት ነው፤ ክፍል ለመከራየት ግፊያ፣ ታክሲ ለመያዝ ግፊያ...

ተወልዶ ያደገባት ትንሽ ከተማ ግን ሌላ ናት።

የተማረበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቁልፉ ዝጓል። የሕፃን ድምፅ የሚባል የለም። ጤና ጣቢያው በር ላይ የተሰለፉት ሁሉ አዛውንት ናቸው...

ሲያልፍ ሁሉም አንገታቸውን አዙረው አዩት...

የእናቱን በር ገፋ ሲያደርገው ተከፈተ።

እናቱ አልጋ ላይ ናት። ከስታ አጥንቷ ወጥቷል፤ ግማሽ ፊቷ ወደ ታች ወርዷል... ዓይኗ ብቻ እሱ ላይ ፈጠጠ።

“እማዬ?”

“ልጄ... መጣህ እንዴ?”

ድምፁ የእናቱ ነው።

የእናቱ ከንፈር ግን አልተንቀሳቀሰም!

ቀስ ብሎ ዞረ...

የእናቱ ታናሽ እህት ውሃ የሞላ ጄሪካን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

“አክስቴ... ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነሽ?”

“አንደበቷ ከተያዘ ዓመት አለፈው ልጄ” አለች እንባዋ እየወረደ። “ልነግርህ ስል እጄን ጭብጥ አድርጋ በጭንቅላቷ እንቢ አለችኝ። ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብላ ፈርታ ነው። ድምፃችን ስለሚመሳሰል እኔው ‘ደህና ነኝ’ እልህ ጀመር። በደወልክ ቁጥር ዛሬስ ነቃብኝ እላለሁ... አንተ ግን አንድም ቀን አላወቅኸኝም።”

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

“ደግሞ እዚህ ሰፈር ጠንካራዋ እኔ ነኝ” አለች። “እኔም ሰባን ካለፍኩ ቆየሁ። እሷን ሳገላብጥ ወገቤ ቁርጥ ይላል። አንድ ቀን እኔ ራሴ ብወድቅ... ማን ይደውልልሃል?”

በማግስቱ ሁለቱንም ይዞ ወደ ትልቁ ከተማ ሊሄድ ወጣ።

እናቱን አቅፎ መኪና ውስጥ ሲያስገባ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት እጅጌውን ጨምድደው ያዙት።

“ልጄ... የኔን ልጅ እዚያ ካገኘኸው፣ አባትህ በስልክ ደህና ነኝ ያልኩህ ውሸቴን ነው ብሏል በልልኝ።”

ቤተሰብ... ወጣቱ ሁሉ ነቅሎ ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ፣ እርጅና ብቻውን ይቀራል። እኛ ደግሞ “ደህና ነኝ” የምትል ቃል ሰምተን፣ እፎይ ብለን ስልክ እንዘጋለን። ድምፅ መስማት ማየት አይደለም!

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ... እናታችሁን በዓይናችሁ ካያችኋት ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ትናንት ስልኩን ያነሳችው እሷ መሆኗንስ በምን እርግጠኛ ናችሁ?