ፊርማ ያጣችው እሹሩሩ

ከመዝገብ የቀረ ዜማ ሁሉ ከሰው አእምሮ ይፋቅ የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ጡረተኛው ቀያሽ አቶ ይገዙ ሥራዬ ብለው የጥንቱን የሙዚቃ ደራሲ የምናሴን ዜማዎች ይመዘግባሉ። መዝገቡ በሚዘጋበት ቀን ሁለት መቶ አሥራ አንዱን አስገብተው አንዲት እሹሩሩ ቀረቻቸው። በፖስታ ጀርባ ላይ የተጻፈች ናት፤ ፊርማ የላትም።

«አስገባት እንጂ! ሶስናን ያስተኛሁባት እኮ ናት» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ፣ የሟች ልጃቸውን ትንሽ ሹራብ ጭናቸው ላይ አድርገው። በየጠዋቱ ሹራቧን አውጥተው ያንኑ እሹሩሩ ያንጎራጉራሉ።

«ያልፈረመበትን የምናሴ ነው ብዬ ልማል? ነገ ማን ያምነኛል?» አሉና አቶ ይገዙ መዝገቡን ዘግተው ላኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ዘርፌ እንደ ልማዳቸው ሹራቧን ከሳጥን አወጡ። አገላበጧት፣ አሸተቷት፣ ከዚያ ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«ይገዙ፣ ይቺን ሹራብ በየጠዋቱ እያወጣሁ ምን ነበር የማደርገው?»

አቶ ይገዙ ትናንት ምን እንደተዉ ያውቃሉ። ዜማው ግን ከእሳቸውም ጠፍቷል።

«ታጣጥፊያት ነበር» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ወይዘሮ ዘርፌም ሹራቧን አጣጠፏት።