በር ያዡ

«እኔ እኮ የምለው...» ብሎ ነጋዴው ጠረጴዛውን ሊመታ እጁን እንዳነሳ ቀዩ መብራት ይበራል። እጁ አየር ላይ ይቀራል። ለሁለት ሰዓት ሙሉ አንዱ ያንዱን አፍ ሲነጥቅ የቆየ የቦርድ አባል ሁሉ ጸጥ፣ እረጭ ይላል።

ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ የመልእክት ሰዓት ነው፣ አድማጭ የላከው ሁሉ በቀጥታ የሚነበብበት። የስብሰባ ክፍሉ ጣሪያ ስለሚያፈስ ቦርዱ የሚሰበሰበው እዚሁ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ባለው አንድ ለናቱ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ቀዩ ከበራ ሰብሳቢም ሆነ ባለሀብት የሚተነፍሰው በቀስታ ነው። መውጣትም የለም። የበሩ የላይኛው ማጠፊያ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ ማን ያሠራው በሚለውም ቦርዱ ሁለት ጊዜ ተጣልቶበታል። በሁለት እጅ ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው ካላገኘ እንደታመመ በሬ ያቃስታል። ስለዚህ ለበሩ የቀረበ ሰው ይይዛል፤ ደንብ ነው። ዛሬ ዕጣው የደረሰው ለልብስ ሰፊው ነው።

እታለም ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ትስባለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ እታለም ያላት አድማጭ ነው፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። «እንደምን ዋላችሁ፣ ወገኖቼ» ትላለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ ተመስገን።

ጠቡ እኮ በሷው ሰዓት ላይ ነው። ጣቢያው ገንዘብ አልቆበታል። አንድ ኩባንያ ወጪውን ሁሉ እችላለሁ ብሏል፤ ብቻ ፕሮግራም የሚመርጠው የኔ ሰው ይሁን፣ ይሄ የላም ማፈላለግ ይቅርና ሙዚቃ ይግባበት ባይ ነው። ነጋዴውና ሁለት ጓደኞቹ «ይግባና እንዳን!» ይላሉ። መምህሩ «አድማጩን መዋጮ እንጠይቅ እንጂ! ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ቢል፣ ነጋዴው «የመብራቱን ሂሳብ በሎሚ ልንከፍል ነዋ!» ብሎ አሳቀበት። ልብስ ሰፊው ብቻ «ሕዝቡ ከየት ያመጣል? እኔስ ራሴ ከየት አመጣለሁ?» አለና አቀርቅሮ ቀረ።

እታለም ይህን ስትሰማ ከነነጋዴው ወገን ቆጠረችው። አልተቀየመችውም። ሚስቱ ስትወልድ ደም ተፈልጎ ያነበበችው እሷ ነበረች፤ አሥራ አንድ ሰው ከያለበት ሮጦ መጣ። ልብስ ሰፊው ምስጋና በአፉ አያውቅበትም። ከሳምንት በኋላ ድምፅ እንዳያስተጋባ ይህን የስቱዲዮ ግድግዳ የሸፈነውን ወፍራም ብርድ ልብስ ሰፍቶ፣ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ቢደክመው ማን ይፈርድበታል?

«ከሆስፒታል የተላከ» ብላ ታነባለች። «አልጋ ቁጥር አራት ላይ የነበሩት አባት ድነዋል። ልጆቻቸው መጥታችሁ ውሰዷቸው። ጫማ ይዛችሁ ኑ ብለዋል።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ያጠልቃሉ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የስንቷን ወላድ ጩኸት የቻሉ ሴት የዚህ ቦርድ ጩኸት ግን ታክቷቸዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እነዚህን ሰዎች ድምፅ ማሰጠት አቅቷቸው ከርሞ፣ አሁን አፍ ሁሉ ተዘግቶ ሲያዩ ብልሃት ብልጭ ይልላቸዋል። ወረቀት ስበው በትልልቁ ይጽፉና ከፍ ያደርጉታል፦ ኩባንያው ይግባ የምትሉ፣ እጅ።

ጉድ! አሁን? እታለም ዓይኗን ወረቀቷ ላይ ትተክላለች፤ ዓይን ግን መች ታዝዞ ያውቃል። ገና በቅጡ ያልወረደው የነጋዴው እጅ ሥራ ያገኛል። ሁለተኛ እጅ። ሦስተኛ። ንባቧን ትቀጥላለች፦ «ቀይ ላም፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከትናንት ወዲያ ከወንዙ ዳር የጠፋች...» ልብስ ሰፊው በሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። እጁ ስላልተፈታ ነው ያላወጣው? ወይስ ሌላ አስቦ? ማን ይጠይቀው።

ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ይገለብጡታል፦ አይግባ፣ አድማጩን እንጠይቅ የምትሉስ? መምህሩ ያወጣል። ከጎኑ የተቀመጠችው ነርስ ታወጣለች። ሰብሳቢዋ ራሳቸው ያወጣሉ። ሦስት ለሦስት። አንገት ሁሉ ወደ በሩ ይዞራል።

«...ያያችሁ ለባለቤቷ ንገሩ» ትላለች እታለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያነበበችው ሁሉ፣ የጠፋው፣ የተገኘው፣ የሞተው፣ የዳነው፣ ባንድ ጊዜ ይመጣባታል። ቢቀርም ተመስገን ትላለች በልቧ። ሥራውን ጥሎ፣ ልጁን ዝም አሰኝቶ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ የጠበቀኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይሰጠዋል? ቀና ትላለች። ልብስ ሰፊው እያያት ነው።

አንድ እጁን ከበሩ ያላቅቃል። ወደ ላይ ያወጣዋል።

በሩ መጀመሪያ ሲጥጥጥ ይላል፤ ከዚያ አቃስቶ አቃስቶ ወለል ብሎ ይከፈታል። አገር ሙሉ ሰማ። በዚህ ክፍል ወንበር ያንቋቋን ሁሉ በዓይኗ ስትቆርጥ የኖረችው እታለም ሳቋ ያመልጣታል፤ እንባዋም አብሮ።

«ይቅርታ፣ ወገኖቼ። የሰማችሁት የበራችን ድምፅ ነው። ማጠፊያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ እናንተን አፍረን ነው እስከ ዛሬ ይዘን የኖርነው።» ትንፋሽ ትወስዳለች። «እስቲ ትርፍ ማጠፊያ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ነውና ብቅ በሉ። ስላላችሁልን እናመሰግናለን።»

ነጋዴው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ በጣቱ እየረገጠ ሄዶ፣ በሩን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

ከመስታወቱ ማዶ፣ ቴክኒሻኑ በተቀመጠበት ክፍል፣ የስልኩ መብራት ብልጭ ይላል። አሁንም ብልጭ። ቴክኒሻኑ አንዱን አንስቶ ሳይጨርስ ሌላው ይበራል። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ሳይነሳ ወደዚያ ያያል፤ እጁን ማውረድ ረስቶታል።