የጥጋቡ ጆንያ

ጥጋቡ እህል ነጋዴ ነው። ሶዶ ላይ ከመናኸሪያው በታች መደብር አለው። መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ይመዝናል፤ ይህንንም ያወቀው በራሱ የእህል ሚዛን ነው።

ሰውነት ለመቀነስ ያልሞከረው የለም። ስኳር አለብህ ሲባል ሦስት ቀን ሮጠ። የሰርጉ ሱፍ አልገባ ሲለው አንድ ሳምንት ቁርስ ተወ። ከሥጋ ቤቱ ባለቤት ጋር በበግ ተወራርዶ ተሸነፈ፤ በጉ ሲታረድ ግማሹን የበላው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲያ እሱም ሰውም ተስፋ ቆረጡ።

መጋቢት ላይ ከሚስቱ ከጣፈጠች ጋር ሐዋሳ ሐኪም ቤት ሄደው፣ ሁለት ቀን አድረው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ጥጋቡ ጆንያ ውስጥ በቆሎ ጨመረ፤ መዘነ፤ ተሸክሞ የዳሞታ ተራራን መንገድ ያዘ።

መጀመሪያ ያየችው ከመደብሩ ፊት ለፊት ቅቤ የምትሸጠው አስካለች ናት።

«አንተ ጥጋቡ! አህያህ ሞተ እንዴ?»

«ሰውነት ልቀንስ ነው።»

«ደግሞ ዘንድሮ ማን አስፈራራህ?»

«ሐኪም።»

«ሐኪም ስንቴ ነግሮህ!»

«የአሁኑ እስከ ጊፋታ ነው ያለኝ» አለና አለፈ።

አስካለች ሳቀች። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ገና ስድስት ወር ይቀረዋል። እሷ የሰጠችው ሦስት ቀን ነው።

ሦስት ቀን አለፈ። ወር አለፈ። ጥሬ ሥጋ በሚለበልብ ዳጣ ከሚቆረጥበት ደጅ ሲደርስ ምራቁን ይውጣል እንጂ አይገባም። የተቀቀለ ስኳር ድንች ይበላል። በመደብሩ በር ላይ በጠመኔ ሁለት ረድፍ ቁጥር ይጽፋል፤ አንዱ የራሱ ኪሎ ነው፣ አንዱ የጆንያው። አስካለች ትምህርት ቤት ብዙ ባትቀመጥም ቁጥር አያመልጣትም። መጋቢት ላይ እሱ 112፣ ጆንያው 58። ግንቦት ላይ እሱ 101፣ ጆንያው 52።

«ኧረ ይኼ ጉድ ነው» አለቻት ጎረቤቷን የትምወርቅን። «ጉልበት ሲጨምር ሸክም የሚቀንስ የት አገር አየሽ?»

«አሸካከሙንስ አይተሻል? በትከሻው አይደለም እኮ! በጋቢ አስሮ ያዝለዋል። በቆሎ እንደ ሕፃን ይታዘላል?»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ድንገት የትምወርቅ ሳቋን አቆመች።

«አስኩ፣ በቆሎውን ግን ለማን ነው የሚያደርሰው?»

ነገሩ ከዚያ ጀመረ። ሰውነቱን ቀንሶ፣ እህል አዝሎ፣ ባጃጅ የማይደርስበት ተራራ የሚወጣ ወንድ ምን ይባላል? ሴት አለችው! ያውም በአማቱ መንደር! ጣፈጠች የተራራው ልጅ ናት። በየጊፋታው ቅቤ ይዛ እናቷ ዘንድ ሳትወጣ ቀርታ አታውቅም። እናትየው ግን አይወርዱም፤ እግራቸው እምቢ ካለ ቆይቷል።

ወሬው ከጣፈጠችም ጆሮ የደረሰ መሰለ። ከሳች። ቀሚሷን ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ትሰበስበው ጀመር። ሐምሌ ላይ አስካለች ጠርታ አስቀመጠቻት።

«ጣፉ የኔ እህት፣ ለወንድ ብሎ እንዲህ መሆን ምንድነው? ብዪ እንጂ!»

«እበላለሁ።»

«የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ዝም?»

በዚያው ሰዓት ከተራራው ሰዎች በሽተኛ በቃሬዛ ይዘው ወረዱ። ከኋላ ሴቶች እያለቀሱ ይከተላሉ። ጣፈጠች ፊቷን አዞረች።

«ቃሬዛ አልወድም» አለች። «ገና ሳትሞቺ ያለቅሱልሻል።»

አስካለች ወሬ ማስቀየሯ ነው ብላ አሰበች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ባልና ሚስት መደብር ገብተው በር ይዘጋሉ። ሚዛኑ ሲንገጫገጭ ይሰማል። በሩ ሲከፈት ጥጋቡ ከጆንያው ጥቂት ጣሳ በቆሎ አውጥቶ ወደ ክምሩ ይመልሳል፤ ጠመኔውንም ያነሳል።

«ገባኝ!» አለች አስካለች ጭኗን እየመታች። «የሚወስደውን እየመዘነች ታስቀንሰዋለች! ጎበዝ! በዚህ ከቀጠለች ያቺ ውሽማ በረሃብ ታልቃለች!»

ነሐሴ ሲያልቅ እሱ 88፣ ጆንያው 43። የሰርጉ ሱፍ ገባው፤ እንዲያውም ሰፋው። እንኳን ደስ ያለህ ያለው ሰው ግን የለም። እሱም ደስ ያለው አይመስልም። ጠመኔውን እንደያዘ በሩ ፊት ቆሞ ይቀራል።

«ከሳህ፤ አማረብህ! ከዚህ ወዲያ ምን ቀረህ?» አለችው አስካለች ለነገር።

«አንድ ጊዜ ሳላርፍ መውጣት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

የጊፋታ ዕለት ጠዋት አስካለች ቆረጠች፤ ዛሬ ከነውሽማው ይያዛል። ከየትምወርቅ ጋር ሆና፣ ጣፈጠችን ይዛት ልትሄድ ቤቷን አንኳኳች። ዝግ ነው።

«ቀድማናለች! ዛሬ ደም ይፈሳል!» አለች የትምወርቅ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች።

በመደብሩ ሲያልፉ በሩ ገርበብ ብሏል። ጆንያው ጥግ ላይ ተቀምጧል። በጠመኔ የተጻፈው አዲስ ቁጥር 37 ነው።

«በበዓል ቀን ባዶ እጁን!» አለች አስካለች። «ወንድ እንዲህ ነው፤ ሲጀምር ጆንያ፣ ሲጨርስ ባዶ እጅ።»

ባጃጅ እስከቻለው ድረስ ወጡ። ከዚያ በእግር፣ በጭቃ እየተንሸራተቱ። እላይ ሲደርሱ የጣፈጠች እናት በትራቸውን ተደግፈው ደጅ ቆመዋል። ቁልቁል መንገዱን አይተው ይስቃሉ፤ እንደ ልጅ እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

«ዮ ዮ ጊፋታ!» አሉ። እልልታቸውን አቀለጡት።

«አየሽልኝ? አማቱም አብራ ናት!» አለች አስካለች፤ ወደሚያዩበትም ዞረች።

ጥጋቡ ሳያርፍ እየወጣ ነበር፤ በጋቢው ውስጥ ጣፈጠች ጉንጯን ማጅራቱ ላይ አስደግፋ፣ የእናቷን ቅቤ በሁለት እጇ ይዛለች።